የአባባ ይመር ጣሪያ

ሬንጅ ሲቀልጥ የሚሸተውን ሽታ ብዙ ሰው አይወደውም። እኔ ግን መንገድ ላይ እንኳ ካገኘሁት ቆም ብዬ እስበዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ወላጆቼ ቤት ስደርስ ገና ከበሩ የተቀበለኝ እሱ ነው። አባቴ ከጓሮ ቆሞ ጣሪያ ሠሪው እሳቱን ሲለኩስ ያያል። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሯል። ሰላምታዬን ሳይዞር ተቀበለ።

የጠራኝ ለስኹሩ ጣሪያ ነው። ስኹር የምንላት ብስክሌትና አሮጌ ዕቃ የምናስቀምጥባትን የጓሮ የእንጨት ቤት ነው። ጣሪያዋ አርጅቷል። ይጠገን ወይስ ተነሥቶ በአዲስ ይተካ የሚለውን እኔ እንድወስንለት ፈለገ። አባቴ ደችኛ አያንሰውም፤ ከግብር ቢሮ ጋርም ቢሆን ብቻውን ተከራክሮ ይመለሳል። የጣሪያ ነገር ሲመጣ ግን ብቻውን አይወስንም። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ይኸው ነው። ለኢንሹራንስ የቤት ጉዳት እመረምራለሁ፤ ንፋስ ያፈረሰውን፣ ዕድሜ ያፈረሰውንና ሰው ያፈረሰውን ለይቼ እጽፋለሁ። ሰዎች ብዙ ጊዜ «ንፋስ ነው» ይሉኛል። ንፋስ ተጠርቶ አይጠየቅም፣ ለዚህ ይመቻል።

ጣሪያ ሠሪው አሮጌውን ሬንጅ ልጦ እስኪጨርስ ሻይ ይዤ ወደ ዞልደሩ ወጣሁ። ዞልደር ከጣሪያው ሥር ያለው የመጨረሻው ክፍል ነው። ትንሽ መስኮት አለችው፤ በእሷ በኩል የአሸዋው ጉብታና ከጉብታው ማዶ ባሕሩ ይታያል። ስምንት ዓመቴ ላይ የመጣው ያ የብርድ ወራት አብዛኛው እዚህ ነው ያለፈው። አባባ ይመር የሚኖሩበት ክፍል ነበር።

ቤቱ ስኼቬኒንገን ነው፣ ከዴን ሃግ ወደ ባሕሩ በኩል። ከዚያ በፊት የምንኖረው ትራንስቫል በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ ከገበያው አጠገብ ነበር። እዚያ በመስኮት የሚገባው የዓሣና የከሙን ሽታ ነው፤ እዚህ የሚገባው አሸዋ ነው። ቤቱን ማንም ሳይሻማብን ያገኘነው በጣሪያው ምክንያት ነበር። የባሕር ዳር ጣሪያ ዕድሜው አጭር ነው። ጨው ምስማሩን ይበላዋል፣ ንፋስ የክዳኑን ሸክላ ከሥሩ እየገባ ያነሳዋል፣ የባሕር ወፎች ደግሞ የተረፈውን ይጭሩታል። አባቴ ይህን ሁሉ እያወቀ ነው የገዛው። «ግድግዳ ካለ ጣሪያ አይጠፋም» አለ ይባላል። እናቴ ይህችን ቃል ያን የብርድ ወራት ሙሉ መልሳ መላልሳ አነሳችበት።

አባባ ይመር የአባቴ እናት ወንድም ናቸው። አባቴ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሲሞት ወሎ ውስጥ ወስደው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ወደ ሆላንድ ያመጣቻቸው ልጃቸው ሞሚና ናት፤ አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ትኖራለች። እኛ ቤት የመጡት ቤቱን ሊመርቁ ለሳምንት ነበር። ምርቃቱ አለቀ፣ ሳምንቱም አለቀ፣ አባቴ «አያ፣ ትንሽ ይቆዩ እንጂ» አለ፣ እሳቸውም ቆዩ። የራሱን መኝታ ቤት ሊለቅላቸው ቢለምናቸው እምቢ ብለው ዞልደሩን መረጡ። ባሕር አይተው አያውቁም ነበር። መጀመሪያ በመስኮቷ ያዩት ቀን «ይኼ ሁሉ ውሃ ባለቤት የለውም?» አሉኝ። የንግሥቲቱ ነው አልኳቸው። በትምህርት ቤት እንደዚያ የተማርሁ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። እናቴ ዘሐራ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው ወደ አባባ ይመር ነው። እዚህ ያደግን ልጆች እንደምናደርገው «አንተ» እላቸዋለሁ። እናቴ በሰማች ቁጥር ትቆነጥጠኛለች። እሳቸው ግን «ተያት፣ ፈጣሪንም አንተ ነው የምንለው» ይሏታል።

ክፍሉ ያፈስ ነበር። ከአልጋው ግርጌ በኩል፣ ሁለቱ የጣሪያ ክንፎች ከሚገናኙበት ላይ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጠብ ጠብ ይላል። ከሥሩ የሚያስቀምጡት ከወሎ ይዘውት የመጡት አረንጓዴ የብረት ሳህን ነው፤ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተልጦ ጥቁር ሆኗል። የውሃው ድምፅ ሳህኑ ባዶ ሲሆን ሌላ ነው፣ ሲሞላ ሌላ ነው። ሲሞላ እጅጌያቸውን ሰብስበው በዚያው ውሃ ውዱእ ያደርጋሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የሆላንድ ደረጃ ደግሞ ከመሰላል አይሻልም። «ከላይ የመጣ ውሃ ነው፤ ምን አወረደኝ?» ይላሉ።

እኔ ታዲያ ቀዳዳው ለዚሁ የተሠራ መሰለኝ። የሚሰግድ ሰው ላለበት ክፍል የሚደረግ ነገር ነው ብዬ አመንሁ። የክፍል ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ዞልደራቸው ደረቅ መሆኑን ሳይ አዘንኩላቸው።

በመኸሩ መጨረሻ ጣሪያ ሠሪ መጣ። የአሁኑ ሳይሆን ሌላ፣ ረጅምና ቀጭን ሰውዬ። ዞልደሩን ዞሮ አየ፣ እንጨቱን በጣቱ ሲጫነው ጣቱ ገባ። ታች ወርዶ ለወላጆቼ የነገራቸውን በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። ጥገና አያዋጣም፤ ክዳኑና እንጨቱ ተነሥቶ እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ዞልደሩ ባዶ መሆን አለበት፣ ሥራው ደግሞ ወራት ይፈጃል። ካልሆነ ግን አንድ ቀን ጣሪያው ሁሉንም ይዞ ይወርዳል አለ።

ነገሩ እንግዲህ ይኼ ነበር። ጣሪያው ከተጠገነ አባባ ይመር ይቀመጣሉ። ከተቀየረ ይወጣሉ። መሄጃቸው ሞሚና ቤት ነው፤ ሞሚና ደግሞ አባቷ እኛ ጋ መቅረታቸው ከንክኗታል። «አንዴ ከገቡላት መልሳ አትሰጠንም» አለች እናቴ። ስትናገር ሥራ ቦታዋ ስለሚሞቱ አረጋውያን እንደምትናገረው፣ ድምጿን ሳትለውጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ሁልጊዜ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ላይ እንዳይሰማ የውሃ ማፍያው እየጮኸ ነበር የሚካሄደው።

«ንገራቸው ሰዒድ። ቤቱ ሊፈርስብን ነው።»

«ምን ብዬ ልንገራቸው? ውጡልኝ ብዬ?»

«ጣሪያው እስኪሠራ በላቸው።»

«ያሳደገኝን ሰው እስከዚህ ድረስ ውጣ፣ ከዚህ በኋላ ግባ አልለውም።»

«እሺ እኔ ልንገራቸው።»

«አንቺ ከነገርሽማ እኔ ነኝ ያልሁት። ፊት የተናገረን ሰው ይጠላዋል፣ ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል።»

«ጣሪያው የሚበላንስ?» ትላለች እናቴ፤ ማፍያው ይጠፋል፤ ክርክሩም ያበቃል።

አባቴ በቀጥታ ስላልቻለ በዙሪያው መዞር ጀመረ። ራት ላይ ወደ እኔ ዞሮ፣ ድምፁን ግን ወደ አባባ ይመር አድርጎ ያወራል። «ሐያት፣ የእኛ መጋዘን ጣሪያው ሲቀየር ሠራተኛው ሁሉ ሌላ ሕንጻ ገባ። ሲያልቅ ሁሉም ተመለሰ። አንድም ሰው አልቀረ።» ለሰው ብለው ሲያሙ ለኔ ብለህ ስማ ነው ነገሩ። እኔ ግን ስለ መጋዘን ይህን ያህል መንገር ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም፣ «ማር ዋሮም?» እያልሁ በደችኛ ለምን ለምን እለዋለሁ። አባባ ይመር እንጀራቸውን እያጠፉ «ደግ አደረጉ» ብለው ያልፋሉ።

እሳቸውም በበኩላቸው ይዞሩ ነበር። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። አንድ ቀን «ስሎተርቫርት መስጊዱ ቅርብ ነው» አሉ። አባቴ ይህን የሰማው እንደ ቅሬታ ነው። በሚቀጥለው ዓርብ ፈረቃውን ለውጦ ትራንስቫል ወዳለው መስጊድ በመኪና ወሰዳቸው፣ ከዚያ ወዲያም ዓርብ አላለፋቸውም። ሌላ ቀን «ይኼ ደረጃ ጉልበቴን ገደለው» አሉ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ በደረጃው ላይ በግራም በቀኝም የእጅ መደገፊያ ገጠመ። መሄድ እፈልጋለሁ ለማለት አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር አንድ ተጨማሪ ምቾት ይመጣባቸዋል።

እኔ ሁለቱንም አያለሁ። የአባቴ እግር ደረጃው ላይ ሲሰማ አባባ ይመር ሳህኑን ከአልጋው ሥር ይገፉና እግራቸውን እርጥቡ ጣውላ ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ከእሳቸው ክፍል በታች ያለው ኮርኒስ ላይ ደግሞ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ እድፍ ወጣ። አባቴ እሳቸው አይተው እንዳይሳቀቁ ነጭ ቀለም ቀባው። በሳምንቱ ተመልሶ ወጣ። ደግሞ ቀባው። ላይ ሳህን ይደበቃል፣ ታች እድፍ ይቀባል። እኔ ይህ የትልልቅ ሰዎች ጨዋታ መሰለኝና ለማንም አልተናገርሁም።

በመሐል ጥገናው አልቀረም። ጣሪያ ሠሪው እየመጣ አንድ ቦታ ይደፍናል፣ ሬንጁን ያቀልጣል፣ ቤቱ ሁሉ ይሸታል። ውሃው ደግሞ በሌላ ቦታ ይመጣል። አንድ ጊዜ ያ የአልጋው ግርጌ ለሁለት ሳምንት ያህል ደረቀ። አባባ ይመር በመደገፊያው ተንጠልጥለው ለውዱእ ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። ጣሪያ ሠሪውን ጠላሁት። ለመምህሬ «አንድ ሰውዬ እየመጣ የአያቴን ውሃ ይዘጋዋል» አልኳት። መምህሬ በጣም ደነገጠች፤ ያልተከፈለ የውሃ ሒሳብ መስሏት እናቴ ጋ ደውላ ችግር ካለ የሚረዳ ቢሮ አለ አለቻት። እናቴ ያን ቀን ስትስቅ እስከ ራት ቆየች። ከዚያም አለቀሰች። ለምን እንዳለቀሰች አልጠየቅኋትም።

ከዚያ አውሎ ነፋሱ መጣ። እዚህ በየዓመቱ በብርድ ወራት ይመጣል፣ ግን የዚያን ዓመቱ ጠንከር ያለ ነበር። ትምህርት ቤት ቀደም ብሎ ለቀቀን። ስደርስ ጎዳናው ላይ የተሰበረ የጣሪያ ሸክላ ተበታትኗል፤ የእኛም ነበረበት። ዞልደሩ ውስጥ አባባ ይመር አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጃንጥላ ዘርግተዋል። የእናቴ ጃንጥላ ነው፣ አበባ ያለበት። አረንጓዴው ሳህን ሞልቶ ፈሷል፣ ባልዲው ሞልቷል፣ ድስትም ነበረ። «ግቢ፣ ግቢ፣ ትበሰብሻለሽ» አሉኝ። ከጃንጥላው ሥር አጠገባቸው ገባሁ። ከኪሳቸው ቆሎ አወጡልኝ። ጨርቁ ላይ የሚወርደው ውሃ ከምንም ሙዚቃ የበለጠ ደስ ይል ነበር። እሳቸው በልጅነታቸው በጎርፍ ስለተወሰደ አንድ በሬ አወሩልኝ፤ በሬው ሦስት መንደር አልፎ ሲወጣ ሣር እየጋጠ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ብዙ ጥሩ ቀናት አልፈዋል፣ እንደዚያ ከሰዓት የሚሆን ግን ጥቂት ነው።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አየን። የሥራ ልብሱን አላወለቀም። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁት። ጃንጥላውን አየ፣ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። አባባ ይመር ፈጥነው «ልጅቱ ጨዋታ አማራት» አሉ። አባቴ «ደግ ነው አያ» ብሎ ወረደ።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ እንድሪስ መጡ። ከአባቴ ጋር መጋዘን የሚሠሩ፣ በዕድሜ ከእሱ ከፍ የሚሉ ሰው ናቸው። በአዘቦት ሲመጡ ጃኬት ለብሰው ነው፤ ያን ቀን ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ጫማቸው ተጠርጓል። እናቴ በጆሮዬ «ሽማግሌ ሆነው ነው የመጡት፣ ዝም በይ» አለችኝ። ሽማግሌ ሲላክ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፣ የሰፈር ልጅ ልትዳር ስትል። ስለዚህ አባባ ይመር ሊያገቡ ነው ማለት ነው። ማንን እንደሚያገቡ ለማወቅ ደረጃው ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ። በሩ ገርበብ ብሏል።

ጋሽ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጋሼ ይመር፣ ሰዒድ ልኮኝ ነው። እንደ ልጅ ነው የምለምንዎት ብሏል። ቅር እንዳይልዎት።»

«ቆይ» አሉ አባባ ይመር። «እኔስ ዓርብ መስጊድ የላክሁህ ምን ሆነ? ነገርኸው?»

«አልነገርሁትም።»

«ለምን?»

ጋሽ እንድሪስ እንደደከመው ሰው ሲቀመጡ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። «እርስዎ ለሰዒድ 'ወድጄ ነው የምሄደው፣ አስወጣኝ እንዳይባልበት' ብለህ ንገርልኝ አሉኝ። ሰዒድ ደግሞ 'ጣሪያው እስኪሠራ ብቻ ሞሚና ጋ ይቀመጡልኝ በልልኝ' ብሎ ላከኝ። ሁለታችሁም አንድ ነገር ነው የላካችሁኝ። ሁለታችሁም ከእኔ እንዳይመስል ብላችሁ አስምላችሁኛል። እኔ ምን ልሁን?»

አባባ ይመር ሳቁ። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ሲበርድላቸው ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስማ እንድሪስ። እሱ የላከውን እኔ አልሰማሁም። አንተም አልነገርኸኝም። ውረድና የእኔን ንገረው። አጎቴን ውጣ አልሁት እያለ እንዲኖር አልፈልግም።»

ጋሽ እንድሪስ ሲወርዱ ራሴን ዳበሱኝ። ታች ሳሎን ውስጥ ለአባቴ የሆነ ነገር በለሆሳስ ተናገሩ። አባቴ ሁለት እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ። እኔ ይኼንንም ከሠርጉ ጋር አገናኘሁት፤ ሙሽራዋን አልወደዳትም ማለት ነው ብዬ አሰብሁ። ሙሽራዋ ማን እንደሆነች እናቴን ስጠይቃት ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

ሞሚና በትንሽ መኪናዋ መጥታ ወሰደቻቸው። ከዕቃቸው ጋር አረንጓዴውን ሳህን አስጫኑ። አባቴ «አያ፣ ጣሪያው እስኪሠራ ነው» አለ፤ እሳቸውም «እስኪሠራ ነው» አሉ። መኪናው ሲጠፋ ሮጬ ወደ ዞልደሩ ወጣሁ። ጣውላው ላይ ሳህኑ የነበረበት ቦታ ክብ ሆኖ ቀርቷል።

ብርዱ ሲላላ ሠራተኞቹ ክዳኑን አነሱት። ከትምህርት ቤት መጥቼ ዞልደሩ ውስጥ ቀና ብል ደመና አየሁ። ወፎች በቤታችን ውስጥ የሚበሩ ይመስል ነበር። ከዚያ አዲስ እንጨት መጣ፣ ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ ወፍራም ነገር ተነጠፈ፣ ከላዩ ጥቁር ሸክላ ተደረደረ። ሲያልቅ ግድግዳው ነጭ ሆነ። አባቴ አዲስ አልጋ አስገባ፣ ዝቅ ያለ፣ ለጉልበት የሚመች። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ሦስታችንም ዞልደሩ ወጥተን ቆምን። ምንም አልተሰማም። አባቴ ኮርኒሱን ዳበሰው። «ደረቅ ነው» አለ። እኔ ቅር አለኝ።

አባባ ይመር ግን አልመጡም። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ማፍያውን ከፍታ ጠየቀችው።

«ለምን አትጠራቸውም?»

«ልጃቸው ቤት ናቸው። ከልጃቸው ነጥዬ ላምጣ? ራሳቸው ናቸው ልሂድ ያሉት።»

«እሳቸውም ሳይጠሩ አይመጡም።»

«ቢፈልጉ ይመጣሉ።»

«አንተ ትፈልጋለህ?»

አባቴ ማፍያውን ራሱ አጠፋው።

ዒድ ላይ ስሎተርቫርት ሄድን። የሞሚና ቤት ከረጃጅም ሕንጻዎች በአንዱ የምድር ወለል ላይ ነው፤ ደረጃ የለም፣ ምንጣፉ ወፍራም ነው። አባባ ይመር መስኮት አጠገብ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ከመስኮቱ ውጪ ያለው መኪና ማቆሚያ ነው። የከሱ መሰለኝ። ትልልቆቹ ስለ ጤና፣ ስለ አየር፣ እንደገና ስለ ጤና ተጠያየቁ። አባቴ ምንጣፉን ያያል። እናቴ እሱን ታያለች። እኔ ታዲያ ጠየቅሁ።

«አባባ ይመር፣ መቼ ነው የምትመጣው?»

ሞሚና እጇ ላይ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። አባቴ ቀና አለ። አባባ ይመር ግን አልደነገጡም፤ ሲጠብቁት የነበረ ጥያቄ ይመስል ነበር።

«ጣሪያው ያፈሳል?» አሉኝ።

«አያፈስም» አልሁ በኩራት። «ምንም አያፈስም። ዝናቡ ራሱ አይሰማም።»

«አልሐምዱሊላህ።» ጉልበታቸውን አሹት። ወደ መኪና ማቆሚያው ዞሩ። «እንግዲህ እዚያ ምን እሠራለሁ?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

በሚቀጥለው እሑድ ከእንቅልፌ ስነሣ አባቴ የስኹሩ ጣሪያ ላይ ነበር። ተንበርክኮ ምንጣፍ መቁረጫ ቢላ ይዟል። ደመናው ከባሕሩ በኩል እየመጣ ነው። ከሥሩ ሆኜ «አባ፣ ልትጠግነው ነው?» አልሁት።

«አዎ» አለ። «ከዚያ ራቂ፣ እንዳይወድቅብሽ።»

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ብስክሌቴን ለማየት ስገባ ስኹሩ ውስጥ ውሃ ይንቆረቆራል፤ ብስክሌቴ ላይ፣ ባልዲዎቹ ላይ፣ እናቴ ያስቀመጠችው አሮጌ ምንጣፍ ላይ። ሮጬ ገብቼ ነገርኳቸው። «አባ፣ ጥገናህ አልሠራም። ከድሮው ብሶበታል» አልሁ። እናቴ አባቴን አየችው። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ማፍያውን ሳትከፍት ቆመች።

አባቴ ስልክ ደወለ። ስፒከር ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ እጁ ሬንጅ ነበረበት።

«አያ፣ እንዴት ዋሉ?»

«አልሐምዱሊላህ። ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ። የስኹሩ ጣሪያ አስቸገረኝ እንጂ። ቀን ቀን እኔ ፈረቃ ላይ ነኝ፣ ዘሐራም ሥራ ናት። ዕቃው ሊበሰብስ ነው። አጠገቡ ሆኖ የሚያየው ሰው ጠፋ።»

ስልኩ ውስጥ የሞሚና ቤት ሰዓት ሲቆጥር ይሰማ ነበር።

«ብዙ ነው የሚያፈሰው?»

«ብዙ ነው አያ።»

«እስክመጣ ሳህን አስቀምጡበት» አሉ።

በማግሥቱ መጡ። ሞሚና ራሷ ናት ያመጣቻቸው፣ ፊቷን አጥቁራ። ከመኪናው ሲወርዱ አረንጓዴው ሳህን በእጃቸው ነበር፣ ሻንጣውን አባቴ ያዘው። ማታ በደረቁ ዞልደር፣ በዝቅተኛው አልጋ ይተኛሉ፤ ቀን ቀን ስኹሩ በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ሳህኑን ያንቀሳቅሳሉ፣ ብስክሌቶቹን ከውሃው ያሸሻሉ፣ በላዩ ላይ ላስቲክ እንዲዘረጋ ያዝዛሉ፣ ላስቲኩ ሲነሳ አባቴን ይቆጣሉ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው ወደዚያ ሆነ። አባቴ ያችን ጣሪያ እሳቸው በሕይወት እስከነበሩ ድረስ ሙሉ ለሙሉ አላስደፈናትም። እኔ ደግሞ ስንፍና ነው ብዬ ዓመታት ቀለድሁበት።

ይህን ሁሉ እያሰብሁ ሻዩ ቀዘቀዘብኝ። ከታች ጣሪያ ሠሪው ጠራኝ።

ሲልጥ ሲልጥ የመጨረሻው የሬንጅ ንጣፍ ላይ ደርሷል። መሰላሉን ወጥቼ አየሁት። መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። ከላዩ ኋላ ላይ ሌላ ንጣፍ ተደርቦበት ነው የኖረው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ማዕዘኖቹ ላይ ቢላው አልፎ የሄደበት ጭረት አለ። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ንፋስ ይገነጥላል፣ ዕድሜ ይሰነጥቃል። እንደዚህ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው ነው፣ ያውም ተጠንቅቆ፣ እጁ ሳይቸኩል።

«ይህን የቆረጠው ማነው?» አለ ጣሪያ ሠሪው በደችኛ። «ከላይ ነው የተቆረጠው። ሰው የገዛ ጣሪያውን ለምን ይቀድዳል?»

ወደ ታች አየሁ። አባቴ ከመሰላሉ ሥር ቆሟል፣ እጆቹን አሁንም ወደ ኋላ አጣምሯል። ጥያቄውን ሰምቶታል። ወደ እኔ ግን አላየም፣ ወደ ጉብታው ነው የሚያየው።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ማን ቆረጠው ይላል።»

«ንፋስ ነው በይው» አለ አባቴ።

አልስቅም፣ አላለቅስም ብዬ ጥርሴን ነከስሁ። በጣም ነው የወደድሁት፣ እዚያው መሰላሉ ላይ። ወደ ጣሪያ ሠሪው ዞርሁና ንፋስ ነው አልሁት። ሰውዬው ቀዳዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ትከሻውን ሰበቀ።

«እና ምን ላድርግ? ላንሳው ወይስ ልጠግነው?»

«ይጠገን» አልሁ፣ አባቴን ሳልጠይቅ። «የሚነሳ ነገር የለውም።»